ከአግዳሚው ላይ የተመለሱት

ሲስተር ምሥራቅ ወልዴ ቡታጅራ ውስጥ ባለች አንዲት አነስተኛ ክሊኒክ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍሉ በእሷ እጅ ነው። ታካሚዎቿን በስም ብቻ አይደለም የምታውቃቸው፤ የማን ልጅ አረብ አገር እንደሄደች፣ ማን ጨው አልተው እንዳለ፣ ማን ክኒኑን ከጎረቤት ጋር እንደሚካፈል ሁሉ ታውቃለች። ካርድ ክፍል አንድ ካርድ ጠፍቶ ሲተራመስ "ምሥራቅን ጠይቋት" ይባላል፤ እሷም የሰውየውን ያለፈ ልኬት ከአእምሮዋ ትነግራቸዋለች።

በቁጣዋም ትታወቃለች። ቀጠሮ አሳልፎ የመጣ ሰው በሯ ላይ ሲደርስ ያመነታል። ምሥራቅ በር ዘግታ የምትቆጣ ሴት አይደለችም። ድምፅዋ ኮሪደሩን አልፎ፣ ወረፋ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ድረስ ይሰማል።

ቁጣዋ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። አባቷ አቶ ወልዴ እዚያው ቡታጅራ በርና መስኮት የሚበይዱበት ቤት ነበራቸው። ግፊት አለብዎት ተብለው ሦስት ወር ክኒን ዋጡ፤ ሲሻላቸው ተዉት። ቀጠሯቸውንም ተዉት። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ላይ እንዳሉ የብየዳ መነጽራቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን አንስተው፣ እዚያው ወደቁ። ምሥራቅ ያኔ የነርስነት ተማሪ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ የሚያሳልፍ ሰው ሁሉ አባቷን ለሁለተኛ ጊዜ የሚገድልባት ይመስላታል።

በጥቅምት ወር፣ በቅርቡ ከወልቂጤ ተዛውሮ የመጣው የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ሄኖክ ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ወጣት ነው፤ ለስለስ ብሎ ይናገራል፣ ግን ከያዘው ነገር በቀላሉ አይለቅም።

"ባለፈው ወር ለክትትል ከቀጠርናቸው መቶ ሰዎች ሠላሳ አራቱ አልመጡም" አለ። "እነዚህ ሠላሳ አራት ሰዎች የት ናቸው?"

"ቤታቸው!" አለች ምሥራቅ። "ትንሽ ሲሻላቸው ይተዉታል። ሲብስባቸው በሸክም ይመጣሉ። ግድ የላቸውም ዶክተር፣ አሥራ ስድስት ዓመት አይቻቸዋለሁ።"

"ምናልባት" አለ ሄኖክ። "ግን ጠይቀናቸው እናውቃለን?"

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ያረጋል አቀርቅሮ እስክሪብቶውን ይነካካ ነበር።

ስብሰባው ያለቀው ሥራው በምሥራቅ ላይ ወድቆ ነው። ከቀጠሮ በፊት ባለው ቀን ለእያንዳንዱ ሰው እየደወለች እንድታስታውስ፣ የቀረ ካለም ደውላ ምክንያቱን እንድትጠይቅ። ስልክ ተሰጣት። አንድ ደብተርም ገዝተው ሰጧት። እያጉረመረመች ተቀበለች።

ደብተሩ ግን ቀስ በቀስ ቀልቧን ያዘው። መጀመሪያ ያወቀችው ብዙዎቹ ስልኮች የታካሚዎቹ አለመሆናቸውን ነበር። ለወይዘሮ ሰፍያ ስትደውል አንድ ወንድ አነሳ፤ ከበስተጀርባው የመኪና ጥሩምባና የሻጮች ጩኸት ይሰማል።

"እናቴ ስልክ የላትም እኮ፣ የእኔን ነው የሰጠቻችሁ" አለ። "እኔ መርካቶ ነው ያለሁት። ምን ሆነች? አለች አይደል?"

ልጁን ለማረጋጋት ብዙ ደቂቃ ፈጀባት። እሱ ወዲያው ለእናቱ ጎረቤት ደውሎ፣ ወይዘሮ ሰፍያ በማግስቱ በጠዋት መጡ።

ቆርቆሮ ነጋዴው አቶ ገሠሠ ደግሞ ስልኩን አንስተው ሳቁባት።

"ተሳስተሻል ልጄ፤ የእኔ ቀጠሮ ሐምሌ ነው።"

"አቶ ገሠሠ፣ ነገ ነው!"

"ካርዴን ይዤልሻለሁ። 12/11 ይላል። በሐምሌ አሥራ ሁለት። ስምንት ወር ስትሰጡኝ ድኛለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ።"

ምሥራቅ ነገሩ ገባት። ክሊኒኩ ኮምፒውተር ካስገባ ወዲህ ካርዱ ላይ የሚታተመው የፈረንጅ ቀን ነው። ለክሊኒኩ ኅዳር መጀመሪያ የሆነው፣ ለአቶ ገሠሠ ሐምሌ ሆኖ ተነበበ። ስልኩን ዘግታ ወደ ያረጋል ሄደች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርዱ ላይ በእጅ፣ በአበሻ ቀን፣ ወሩ በስሙ እየተጻፈ ይሰጥ ጀመር።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የቀሪው ቁጥር ወደ ሃያ አንድ ወረደ። ምሥራቅ ደስ አላት። ቢሆንም ደብተሯን ስታገላብጥ አንድ ነገር ይቆረቁራት ነበር። አንድ ጊዜም ቀርተው የማያውቁት ሲደወልላቸው ይመጣሉ። ከዚህ ቀደም የቀሩት ግን ሲደወልላቸው "እሺ፣ እመጣለሁ" ይላሉ፣ አይመጡም። አይጨቃጨቁም፣ ምክንያት አይሰጡም። እሺ ይላሉ፤ ይቀራሉ።

ከሁሉም ያስገረሟት ወይዘሮ ሸዋዬ ናቸው። መስቃን ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ መንደር የሚመጡ፣ ወደ ስድሳው የሚጠጉ ሴት ናቸው። ግፊታቸው ከባድ ነው። ሦስት ጊዜ ተደወለላቸው። ሦስቱንም ጊዜ በትሕትና "እሺ እመቤቴ፣ እመጣለሁ" ብለው ቀሩ።

"እኔን መቀለጃ አደረጉኝ" አለች ምሥራቅ ለያረጋል። "ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ነው የማናግራቸው።"

ያረጋል አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ተወው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ግፊት መለኪያዋን በቦርሳዋ ይዛ በባጃጅ እስከ መገንጠያው ሄደች፤ የቀረውን በእግሯ ገባች። የበርበሬ ጊዜ ነው። በየደጁ ቀይ በርበሬ ተሰጥቶ መንገዱ ሁሉ ያስነጥሳል። የወይዘሮ ሸዋዬን ቤት የጠየቀቻቸው ሰዎች በጣታቸው አሳዩዋት።

ባልየው አቶ ደበሌ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብለው የተበላሸውን በርበሬ ከደህናው ይለያሉ። ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ምሥራቅ አጥሩን አልፋ ስትገባ ወይዘሮ ሸዋዬ ቀና ብለው አዩዋት፤ ወዲያው ተነሡና ቤት ገቡ። ነጭ ጋዋን አልለበሰችም፣ ግን አውቀዋታል።

"እንደምን አረፈዱ አባባ። ከክሊኒኩ ነው የመጣሁት። ሲስተር ምሥራቅ እባላለሁ።"

"አውቄሻለሁ" አሉ አቶ ደበሌ። ተነሥተው በርጩማ አቀረቡላት። "ቁጭ በይ።"

"ወይዘሮ ሸዋዬ ለምንድን ነው ክትትላቸውን የተዉት? ይሄ በሽታ እኮ አይቀልድም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ።"

ሽማግሌው በእጃቸው የያዙትን በርበሬ አገላበጡት። "አልተወችም" አሉ። "መጥታለች እኮ።"

"መቼ?"

"በቀጠሮዋ ቀን። ነሐሴ ላይ እኔው ራሴ ነኝ በጋሪ ያደረስኳት። መስከረምም ብቻዋን ሄዳለች።"

"አባባ፣ እኔ ጋ አልደረሱም። መዝገቡ ላይ ቀሪ ናቸው።"

"እርግጥ አንቺ ጋ አልደረሰችም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነው የተመለሰችው።"

ምሥራቅ አልገባትም። ሽማግሌው ወደ ቤቱ በር አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እሷ ስትጠብቅ፣ አንቺ ውስጥ ሆነሽ አንዱን ሰውዬ ትሰድቢው ነበር አለችኝ። ዘግይቶ መጥቶ ኖሮ። ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው ብላ ፈራች። ተነሥታ መጣች። በመስከረሙም እንደዚሁ።"

"እኔ ሰው አልሳደብም!" አለች ምሥራቅ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ራሷም ድምፅዋን ሰማችው። ጎረቤት ያሉ ሴቶች ዞረው አዩዋት።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ሸዋዬ ከቤት ወጡ። በቀኝ እጃቸው የግራ እጃቸውን አቅፈው ይዘዋል።

"ይግቡ ሲስተር" አሉ። "ደጅ አይቀመጡ፣ በርበሬው ያስልዎታል።"

በዕድሜ እናቷ የሚሆኑ ሴት "እርስዎ" እያሏት ነበር። ምሥራቅ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ልትናገር ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት።

"እማማ ሸዋዬ፣ እኔን ፈርተው ነው?"

"ኧረ ተዪው፣ ያለፈ ነው... ይተዉት ማለቴ ነው።"

"ይንገሩኝ። ምን ነበር ያልኩዎት?"

ወይዘሮ ሸዋዬ ሲናገሩ ቂም አልነበረባቸውም፤ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

"ሰኔ ላይ እህቴ ሞታብኝ ሶዶ ለልቅሶ ሄድኩ። ቀጠሮዬ አለፈ። ተመልሼ ሐምሌ ላይ መጣሁ። 'አንቺ ሴትዮ' አሉኝ። 'አንቺ ሴትዮ፣ መሞት ከፈለግሽ ቤትሽ ሆነሽ ሙቺ፣ እዚህ መጥተሽ ሰው አታስቸግሪ' አሉኝ። እህቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት ልል አፌን ስከፍት፣ 'ቀጣይ!' ብለው ተጣሩ። ልጄ ያጫት ልጅ እናት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።"

ምሥራቅ ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። ሐምሌ፣ ዝናብ፣ ሰልፍ። ምንም አልመጣላትም። የእኚህን ሴት ልኬት ከአራት ወር በፊት ስንት እንደነበር ታስታውሳለች፤ ያለቻቸውን ነገር ግን ፈጽሞ አታስታውስም። ይህ ከሁሉ በላይ አሳፈራት። "ብዙ ሰው ነው የምናየው" ልትል ነበር፤ ዋጠችው።

"መድኃኒቱንስ?" አለች ዝግ ብላ።

"የቀረኝን አንድ ቀን እየዘለልኩ ወሰድኩ፣ እንዲቆይልኝ ብዬ። ከዚያ አለቀ።"

"እጅዎን ምን ሆኑ?"

"ጥቅምት ላይ ማሳ ውስጥ አዙሮኝ ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ አይዝልኝም።"

ምሥራቅ ተነሥታ መለኪያውን አወጣች። ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠመጠመች። ቁጥሩን አይታ እንደገና ለካች። መቶ ዘጠና በመቶ አሥራ አምስት።

"አሁን ነው የምንሄደው" አለች። "ዛሬ። አብረን።" ከዚያ መሬት መሬት እያየች "እማማ ሸዋዬ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች።

"እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ። ወዲያው ደግሞ የሚለብሱት ነጠላ ፍለጋ ዞሩ፤ ምሥራቅም ግራ እጃቸው ስላልታዘዘላቸው ነጠላውን ራሷ አለበሰቻቸው።

አቶ ደበሌ የጎረቤት ጋሪ ለመኑ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ባጃጅ ያዙ። መንገድ ላይ ምሥራቅ ስለ አባቷ ነገረቻቸው። ለምን እንደጀመረች አታውቅም፤ ምናልባት ማሳበቢያ ፈልጋ ሊሆን ይችላል። ወይዘሮ ሸዋዬ አዳምጠው ሲጨርሱ፣

"ታዲያ አባትሽ ሐኪሙን ፈርተው ቢሆንስ የቀሩት?" አሏት።

ምሥራቅ ወደ መንገዱ ዳር ዞረች። ሃያ ዓመት ሙሉ አባቷ ለምን እንደቀሩ የምታውቅ መስሏት ነበር። ማንም እንዳልጠየቃቸው ትዝ ያላት ያኔ ነው።

ክሊኒኩ መድኃኒቱን ካስጀመራቸው በኋላ ወደ ሆስፒታል ላካቸው። መለስተኛ ስትሮክ እንደነበር ተነገራቸው። እጃቸው በመጠኑ ይሻለው ይሆናል፣ እንደ ድሮው ግን መሆኑ ያጠራጥራል።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ነበር። ዶክተር ሄኖክ የስልኩን ውጤት አንሥቶ ሊያመሰግናት ሲጀምር ምሥራቅ አቋረጠችው። የሆነውን ሁሉ፣ ያለቻቸውንም ቃል ሳትቀንስ ተናገረች።

መጀመሪያ የተናገረው ያረጋል ነው። "እሳቸው ብቻ አይደሉም" አለ። "ካርዳቸውን አውጥቼ ወንበሩ ላይ የማያቸው፣ ትንሽ ቆይቼ ሳይ የሌሉ ብዙ ናቸው። ቀሪ ብዬ እመዘግባቸዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሲስተር" አለ ያረጋል ወለሉን እያየ፣ "እኔም እኮ እፈራሻለሁ።"

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ግን አልተከተለውም። ሄኖክ እሷን ለማጽናናት አልቸኮለም። "እኔም ቁጥሩን ይዤ የስልኩን ነገር ብቻ ነበር የማስበው" አለ። "አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አላውቅም።" በማግስቱ አንድ ሰዓት ያህል ጋዋኑን አውልቆ ከታካሚዎቹ መሀል ተቀመጠ። ከዚያ የክትትል ክፍሉ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ተዛወረ፤ በሩም እንዲዘጋ ተደረገ።

ሌላውን ምሥራቅ ራሷ ጀመረችው። ዘግይቶ የመጣን ሰው መጀመሪያ "እንኳን መጡ" ትለዋለች፤ ከዚያ ትለካዋለች፤ ለምን እንደዘገየ የምትጠይቀው ተቀምጦ ላቡ ሲደርቅ ነው። የቀጠሮውንም ቀን ብቻዋን መወሰን ተወች። የገበያ ቀን የማይመቸው አለ፣ ጁምዓ የማይመቸው አለ፣ በአጨዳ ወቅት ጨርሶ መምጣት የማይችል አለ፤ ለእሱ የሁለት ወር መድኃኒት እንዲሰጠው ሄኖክን ጠየቀች። ትዝ እንዲላቸውም "ከሚካኤል ማግስት" እያለች ትነግራቸዋለች።

ቀላል አልነበረም። አሥራ ስድስት ዓመት የለመደ አፍ በአንድ ስብሰባ አይታረምም። ጥር ላይ ባዩ የሚባል የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ አምስት ሳምንት ዘግይቶ፣ ስኳሩ ጣራ ነክቶ መጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ እግርህ እስኪቆረጥ ነው የምትጠብቀው?" ብላ ጮኸችበት።

ባዩ ተነሣ። ካርዱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወጣ። ምሥራቅ በሩን አየችው። ከዚያ ተነሥታ ሮጠች። በኮሪደሩ፣ በካርድ ክፍሉ፣ በዘበኛው በኩል አልፋ ከግቢው ወጣች። ጋዋኗን እንደለበሰች አስፋልቱን ስታቋርጥ ባጃጆቹ ጥሩምባ ነፉባት። ባዩን የደረሰችበት መናኸሪያው አጠገብ ነው።

"ይመለሱ" አለችው እያለከለከች። "አጥፍቻለሁ። ይመለሱ።"

ጓደኞቹ ከበው ያያሉ። ባዩ ከእግር እስከ ራሷ አያት።

"ሌላ ጊዜስ አትጮሂብኝም?"

"እጮህ ይሆናል" አለች። "ግን ይምጡ። ስጮህ ዝም በይ ይበሉኝ።"

ሰዎቹ ሳቁ፤ ባዩም ሳቀ። አብረው ተመለሱ። ያን ቀን ለብዙ ጊዜ አወሩ። ከቀጠሮው የቀረው መድኃኒቱን ጠልቶ እንዳልነበር፣ የመርፌውን ብልቃጥ ቀዝቃዛ ቦታ የሚያስቀምጥበት አጥቶ ተበላሽቶበት፣ ያንን መናገር አፍሮ እንደነበር ያኔ ነው የነገራት።

ግንቦት ላይ ሄኖክ አዲሱን ቁጥር አነበበ። ከመቶ ሰው የቀሩት ዘጠኝ ናቸው። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ምሥራቅ የዘጠኙን ስም ዝርዝር ከያረጋል ተቀብላ ወደ ክፍሏ ሄደች። ሁለቱ ሞተዋል፤ ከመሞታቸው በፊት አንዱን አግኝታው ነበር፣ ሌላዋን አላገኘቻትም። ከስማቸው ጎን ምን እንደምትጽፍ ስታስብ ብዙ ቆየችና ባዶውን ተወችው።

በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ሸዋዬ ነበሩ፤ ቀጠሯቸው ነው። ገብተው ተቀመጡ፤ ቀኝ ክንዳቸውን ዘረጉላት። ግራው ጭናቸው ላይ ነው፤ ጣቶቹ ትንሽ ይታጠፋሉ፣ ሲኒ ግን አይዙም። ግፊታቸው መቶ ሠላሳ አራት በሰማንያ ስድስት ሆኖ ተገኘ። ምሥራቅ ቁጥሩን ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በጣም ጥሩ ነው። እንግዲህ የሚቀጥለው ቀጠሮ..." ካርዱ ላይ መጻፍ ጀመረች። "ሰኔ አሥራ ሦስት ይሁን።"

"አይሆንም" አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ።

ምሥራቅ ቀና አለች።

"ያን ቀን የማኅበር ተረኛ ነኝ። በማግስቱም ደክሞኝ ነው የምውለው። ሌላ ቀን አድርጊው።"

ምሥራቅ የጻፈችውን ሰረዘችው። እስክሪብቶውን ይዛ ጠበቀች።

"እሺ እማማ" አለች። "መቼ ይመችዎታል?"